ባጁ ያለበትና ሰውዬው ያለበት

ኮምፒዩተር ክፍል የሚመጡ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ አለ፤ «ስልክ እኔ የት እንዳለሁ በምን ያውቃል?» የሚል። አጭሩ መልስ፣ ስልኩ የሚያውቀው ራሱ ያለበትን እንጂ እናንተ ያላችሁበትን አይደለም የሚል ነው። ቤት ረስታችሁት ከወጣችሁ እሱ የሚያሳየው ቤታችሁን ነው። ይህ ለሰው ግልጽ ነው፤ ኮምፒዩተር ግን ተጽፎ ካልተሰጠው አያውቀውም። እንዴት ይጻፍለት የሚለው ጥያቄ የራሱ ታሪክ አለው። በዚህ እትም እሱን እናወጋችኋለን (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ማርክ ዋይዘር የሚባል ተመራማሪ ነበር። በ1988 ያመጣው ሐሳብ፣ ኮምፒዩተር ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሣጥን መሆኑ ቀርቶ በየግድግዳው፣ በየኪሱ፣ በየዕቃው ውስጥ ይግባ፤ ሰውም ሥራውን ሲሠራ ማሽን መኖሩን ይርሳው የሚል ነበር። በ1991 ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ሲጽፈው ብዙ ሰው ተከተለው። ግን የተደበቀ ማሽን ቁጭ ብሎ የሚያዘው ሰው የለውም። ታዲያ ምን መሥራት እንዳለበት በምን ይወቅ? አጠገቡ ማን እንዳለ፣ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ፣ ክፍሉ ውስጥ ስብሰባ ይኑር አይኑር ማወቅ አለበት። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ዐውድ እንበለው።

በዚያው ሰሞን እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ከተማ፣ በኦሊቬቲ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ሮይ ዋንት፣ አንዲ ሆፐርና ባልደረቦቻቸው አንድ ተራ ችግር ለመፍታት ተነሡ። ስልክ ይደወላል፤ ተፈላጊው ሰው ቢሮው የለም፤ ስልክ ተቀባይዋ የት ትፈልገው? ለሠራተኛው ልብስ ላይ የሚያያዝ፣ 40 ግራም የሚመዝን ባጅ ሰጡት። ባጁ በየ15 ሰከንዱ ገደማ የራሱን መለያ ቁጥር በኢንፍራሬድ ይልካል። የቴሌቪዥን ሪሞት የሚጠቀምበት ዓይነት ብርሃን ነው፤ ግድግዳ አያልፍም። ስለዚህ የክፍሉ መቀበያ ቁጥሩን ካገኘ ባጁ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው ማለት ነው። ስልክ ተቀባይዋም ስክሪን ላይ ስምና ክፍል ይመጣላታል።

እኛን የሚገርመን ቀጥሎ ያለው ነው። በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ ከስሙና ከክፍሉ ጎን የመቶኛ ቁጥር ነበር፤ ሰውዬው እዚያ የመገኘቱ ዕድል ስንት ነው የሚል። ከ100 በታች ከሆነ እየተዘዋወረ ነው ማለት ነው። ባጁ ለ5 ደቂቃ ካልታየ መቶኛው ይጠፋና መጨረሻ የታየበት ቦታና ሰዓት ይጻፋል። ክትትሉን ያልወደደም ባጁን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ መክተት ይችላል፤ ጨለማ ሲሆን ባጁ ባትሪ ለመቆጠብ ይተኛል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ገና ከጅምሩ «እናውቃለን» ከማለት ይልቅ «በዚህ ሰዓት እዚህ ታይቶ ነበር» ማለትን መርጠዋል።

ተከትሎ የመጣው ሥራ ሁሉ ይህን ጥንቃቄ አልያዘም። በ1994 ቢል ሺሊትና ባልደረቦቹ ዐውድን የሚያገናዝብ ሶፍትዌር የሚለውን ስያሜ አስተዋወቁ፤ ጥሩ ሥራ ነው። መረጃው የሚቀመጥበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ስምና ዋጋ ብቻ ነበር፤ «ቦታ = ክፍል 7» እንደማለት። ማን አለ? መቼ? የሚል የለበትም። በ1999 ደግሞ የጆርጂያ ቴክ ሰዎች፣ አኒንድ ዴይና ግሪጎሪ አቦውድ፣ የአንድን ሰው፣ ቦታ ወይም ዕቃ ሁኔታ ለመግለጽ የሚረዳ ማንኛውም መረጃ ዐውድ ነው ብለው ተረጎሙ። ትርጓሜው እስከዛሬ ይጠቀሳል፤ እኛ ግን ሁሉን ስለሚያቅፍ ፕሮግራም ጸሐፊውን ብዙም አይረዳውም ባዮች ነን።

ወሳኙ እርምጃ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ካረን ሄንሪክሰንና ጃድዊጋ ኢንዱልስካ ከባልደረባቸው ጋር በ2002 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ መረጃው ከየት መጣ የሚለው ራሱ አብሮ ይመዝገብ አሉ። የማይለወጥ አለ፤ መሣሪያ የለካው አለ፤ ሰው የነገረው አለ፤ ከሌሎች ተነሥቶ የተገመተ አለ። ሁሉም የሚሳሳቱት በየራሳቸው መንገድ ነው። መሣሪያ የለካው ቶሎ ያረጃል። ሰው የነገረው ደግሞ በተጻፈበት ቀን እውነት ነው፤ ካልታደሰ ግን ባለበት ይቀራል። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ካርዱ ላይ 4 የተባለ ቤተሰብ ልጅ ሲወልድ 5 ይሆናል፣ ካርዱ ግን እስኪታደስ 4 ይላል። የተገመተውማ ከሥሩ ያሉትን ስሕተቶች በሙሉ ይወርሳል።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በኋላ ሥራቸው ሁለት ነገር ጨመሩ። አንደኛ፣ ሁለት ምንጮች ከተጋጩ አንዱን ከመሰረዝ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጥ። ሁለተኛ፣ «ሰውዬው ሥራ ላይ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ አይሁን፤ «ሊሆን ይችላል» የሚል ሦስተኛ መልስ ይኑር። ዛሬ የስልክ ካርታ ላይ በሰማያዊዋ ነጥብ ዙሪያ የሚታየው ሰፊ ክብ የዚሁ ሐሳብ ዘመድ ነው፤ እዚህ ክብ ውስጥ የሆነ ቦታ ነህ ይላል።

መምህራን ይህ ምን ይመለከተናል ካላችሁ፣ አቴንዳንሱን ተመልከቱ። ያለ፣ ቀሪ፤ ሁለት ምልክት ብቻ ነው ያለው። ራሽን ልትቀበል የተሰለፈችው ልጅ፣ ውሃ ወረፋ የያዘው፣ ስሙ በሌላ ክፍል ዝርዝር የገባው፣ ትምህርት ያቆመው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ምልክት ይደረግባቸዋል። ተርም ሲያልቅ ምልክቶቹ ተደምረው ቁጥር ይሆናሉ፤ ማን ለፈተና ይቀመጥ ሲባል የሚታየውም ያ ቁጥር ነው፤ ድምሩን የሚያየው ሰው ደግሞ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ለሚቀጥለው የመምህራን ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ «አልተጣራም» የሚል ሦስተኛ ምልክት፣ አጠገቡም ምክንያቱን ማን እንደነገረንና በየትኛው ቀን እንደሆነ የሚጻፍበት ጠባብ መስመር። አሁን ባለው ደብተር ላይ በማስመሪያ ሊሠመር ይችላል።