መናፈሻ ሲታደስ መጀመሪያ መዝገብ ይከፈት



ሠላሳ ዓመት ያህል መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ስወጣ የገባኝ አንድ ነገር አለ፤ ያልተመዘገበ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል። የሰፈራችን አሮጌ መናፈሻ ሊታደስ ነው የሚል ወሬ በየቡናው ስለሰማሁ የሌላ አገር ታሪክ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ አገር በኒውዮርክ ከተማ መካከል ሴንትራል ፓርክ የሚባል 341 ሄክታር ያህል መናፈሻ አለ። ንድፉን ያወጡት ፍሬድሪክ ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ ሲሆኑ፣ ለሕዝብ መከፈት የጀመረው በ1858 ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን አረጀ። በ1975 ከተማው በዕዳ ተይዞ ሊከስር ሲደርስ ለመናፈሻው የሚሆን ገንዘብ ጠፋ። ሣሩ ተረግጦ አቧራ ሆነ፣ መቀመጫው ተሰባበረ፣ ሰውም ሲመሽ መግባት ፈራ።

በ1980 ነዋሪዎች ከከተማው ጋር ተስማምተው ማኅበር አቋቋሙ፤ መሪዋ ወይዘሮ ኤልዛቤት ባርሎ ሮጀርስ ነበሩ። እኔን ደስ ያሰኘኝ አሠራራቸው ነው። ጠቅላላውን ዕቅድ ከማውጣታቸው በፊት ዛፉን፣ አፈሩን፣ የውሃ መውረጃውን፣ ድልድዩን፣ ሰዉ በየት በየት እንደሚመላለስ ሳይቀር አስጠኑ። ዕቅዱ በ1985 ወጣ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ በተገኘ ቁጥር በየተራ አደሱት።

ታዲያ ድሮ ሲመሠረት የተዘለለ ነገር ነበር። በቦታው ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል መንደር ነበረ። ነዋሪዎቹ 225 ያህል ሲሆኑ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያንም፣ ትምህርት ቤትም፣ መቃብርም ነበራቸው። በ1857 ተነሥተው ተበተኑ። የመንደሩም ስም ከመቶ ዓመት በላይ ተረሳ፤ በቦታው የመታሰቢያ ጽሑፍ የቆመው በ2001 ነው። የሰው መቃብር ያለ ስም ሲቀር ምን እንደሚመስል ለእድርተኛ አይነገርም።

ስለዚህ ወደሚመለከተው ቢሮ ከመሄዳችን በፊት ሦስት ሰዎች ተመርጠው ደብተር ይዘው ይዙሩ። ስንት ዛፍ እንደቆመ፣ የትኛው እንደደረቀ፣ ክረምት ውሃው የት እንደሚተኛ፣ ጥላው ሥር ማን እንደሚያርፍ ይጻፉ። ከመናፈሻው በፊት እዚያ ማን ይኖር እንደነበረም አዛውንቶቻችን ይጠየቁ። ይህን ያውቁ ከነበሩት መካከል ዘንድሮ ብቻ ሁለቱን ቀብረናል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ደብተሩን እኔ እገዛለሁ።