የባሕር ከበባ ጣሾች

ፈረንሳዊው ደራሲ ዡል ቬርን በ1865 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ያሳተመው ይህ አጭር ልብ ወለድ፥ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1861 የደቡብን ወደቦች በባሕር ኃይል ካስከበቡ በኋላ፥ ጥጥ ያጡ የግላስጎ ነጋዴዎች ለደቡቡ ጦር መሣሪያ በስውር አድርሰው በለውጡ ጥጥ ለመጫን የወጠኑትን ውጥን ይተርካል። «ዶልፊን» የተባለችው ፈጣን የእንፋሎት መርከብ ወደ ቻርልስተን ስትገሠግሥ፥ ካፒቴኑ ጄምስ ፕሌይፌር ስለ ትርፉ እንጂ ስለ ባሮች ፍዳ አንዳች አላሰበም፤ ይሁን እንጂ መርከበኛ ነኝ ብሎ የተቀጠረው ክሮክስተን፥ የመርከበኛነትን ሥራ ፈጽሞ የማያውቅ መሆኑ ተገልጦ ሊገረፍ በቀረበ ጊዜ፥ የእኅቴ ልጅ ያለው ጕልማሳ በወንድ ልብስ የተሰወረች ወይዘሪት ጄኒ ሃሊበርት እንደ ሆነች፥ የመጣችውም ባርነትን በመቃወሙ በቻርልስተን የታሰረውን አባቷን ለማዳን እንደ ሆነ ይናዘዛል። የድርሰቱ ብርታት፥ እንደ እኛ አስተያየት፥ ከመድፉ ጩኸት ይልቅ በዚህ ላይ ነው፤ ጠመንጃውን ለባሪያ አሳዳሪዎች ያስረከበው ያው ካፒቴን፥ በፍቅር ተማርኮ ከዚያው ከተማ እስረኛቸውን ሰርቆ ይወጣልና። ቬርን ግን ጀግናው ስላስረከበው መሣሪያ ኅሊናው ሲወቅሰው አጥብቆ አለማሳየቱ ያሳዝናል። መጽሐፉ በ1871 «ተንሳፋፊ ከተማ» ከተሰኘው ድርሰቱ ጋር በአንድ ጥራዝ ታትሟል።