ስም ያልተጻፈበት ስለት

ቢላዋ እሰበስባለሁ። እንዲህ ስል ሰው ትንሽ ራቅ ብሎ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ከተማ ውስጥ ሰንጢ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ኪስ አውላቂና የማታ ፀብ ነው። እኔ የምለው ግን ሌላውን ነው፤ ገበሬው መፋቂያ የሚቆርጥበትን፣ እረኛው ዱላውን የሚያስተካክልበትን፣ በበዓል ቀን ቁርጥ የሚቆረጥበትን ተራ ቢላዋ። ከጎንደር ወደ ሰሜን በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ስትወጡ፣ ዳባትና ደባርቅ ገበያ ላይ መሬት በተነጠፈ ማዳበሪያ፣ ከማጭድና ከማረሻ ጎን ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ዋጋውም አያስፈራም። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ለአንድ ቢላዋ ከአንድ ምሳ በላይ አልከፍልም።

ከያዝኳቸው ውስጥ ታጣፊዎቹ ጥቂት ናቸው። ታጣፊ ሰንጢ ሞላ ይፈልጋል፣ ልኩን የጠበቀ ቀዳዳና ሚስማር ይፈልጋል፤ ፋብሪካ የሚወደው ዓይነት ሥራ ነው። ስለዚህ ገበያው ላይ ያለው አብዛኛው ታጣፊ ከውጭ የመጣ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ከቻይና። የአገሩ ሰው የሚሠራው ቀጥ ያለውን ነው። የስለቱን ጭራ አግለው ቀንድ ወይም ወይራ ውስጥ ይሰኩታል፣ ቆዳ አፎት ያለብሱታል፣ አለቀ። ቀላል ይመስላል። አንዱን አንስታችሁ በእጃችሁ ስትይዙት ግን ሚዛኑ ልክ መዳፋችሁ ላይ ያርፋል።

የውጭዎቹን ከአገሮቹ ጎን ሳስቀምጥ ዓይኔ የሚሄደው ወደ አንድ ነገር ነው። የውጭዎቹ ስለት ላይ ጽሑፍ አለ። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 በሳቮይ ተራሮች መሥራት የጀመረውን የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢ ዛሬም በርካሽ መግዛት ይቻላል፤ ስለቱ ላይ ዘውድ የደፋች እጅና የአባወራው ስም አሉ። ኦፒኔል የተራራ አገር ሰው ነው፣ አባቱም መጥረቢያና ማጭድ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር። ከሰሜን ተራራ ቀጥቃጭ በምን ይለያል? በሥራው ብዙም አይለይም። የልጁ ስም ግን ፋብሪካ ሆነ። የሰሜኑ ቢላዋ ላይ ስም የለም። አንድም ቀን አላየሁም።

እንግሊዝ ውስጥ ሼፊልድ የምትባል የቢላዋ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1624 የአገሪቱ ፓርላማ ለአካባቢው ቢላዋ ሠሪዎች ሕግ አወጣላቸው፤ ማኅበራቸው ሕጋዊ ሰውነት አገኘ፣ እያንዳንዱ ሠሪም የራሱን ምልክት አስመዝግቦ ስለቱ ላይ የመምታት መብት አገኘ። የሌላውን ምልክት የሰረቀ ይቀጣል። አሁን ያንን ዓመት ይዛችሁ ወደ ሰሜን ተራሮች ኑ። በዚያው በ1620ዎቹ አፄ ሱስንዮስ ሰሜን ላይ ዘምቶ የቤተ እስራኤልን የመጨረሻ አምባዎች እየሰበረ ነበር። መሪያቸው ጌዴዎን ተገደለ፣ ራሳቸውን ችለው የኖሩበት ዘመንም በዚያ አበቃ። አንድ ቦታ ቀጥቃጭ ስሙን በሕግ ሲያስጠብቅ፣ ሌላ ቦታ ቀጥቃጭ የሚሆኑት ሰዎች የመጨረሻ መሬታቸውን እያጡ ነበር።

ቀጥቃጭ «የሚሆኑት» ያልኩት አውቄ ነው። ነገሩ ከሱስንዮስም በፊት ይጀምራል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከአፄ ይስሐቅ ጋር ተያይዞ በሚነገረው መሠረት፣ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም ተባለ። ርስት የሌለው ሰው በሌላው መሬት ጭሰኛ ይሆናል፣ ወይም መሬት የማይጠይቅ ሙያ ይይዛል። ብረት፣ ሸክላ፣ ሽመና፣ ግንበኝነት። በየሰፈሩ የምንሰማው ታሪክ «እነሱ ብረት ስለሚቀጠቅጡ ተናቁ» የሚል ነው። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ባይ ነኝ። መጀመሪያ መሬቱ ተወሰደ፣ ከዚያ እሳቱ ፊት ተቀመጡ፣ ከዚያ እሳቱ ፊት በመቀመጣቸው ተሰደቡ።

ስድቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀን ብረት የሚቀጠቅጠው ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ቡዳ ነው። «ጠይብ» የሚለው ቃል ራሱ ከ«ጠቢብ» ጋር አንድ ዘር ነው፤ አንዱን ለሊቅና ለሠዓሊ ሰጠነው፣ ሌላውን ስድብ አደረግነው። የሚያስቀው ነገር፣ የሚፈራው ሰው የሠራው ማረሻ ከሌለ ማንም አያርስም። ማረሻ ይደንዛል፣ ተመልሶ እሳት መግባት አለበት። ስለዚህ ገበሬው በዓመት ስንት ጊዜ የሚፈራው ሰው ደጃፍ ይቆማል። እህሉን ከፍሎ፣ ብረቱን ተቀብሎ፣ ልጁን ግን ዓይኑ እንዳያየው ደብቆ።

ነገሥታቱም ይህን ሳያዩት አልቀሩም። ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. እዚሁ ሰሜን፣ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸንፎ አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ከዚያ በኋላ ዘመኑን ሙሉ የእጅ ባለሙያ ሲፈልግ ኖረ። ጋፋት ላይ የሰበሰባቸው ግን ዋልድማየርንና ጓደኞቹን፣ ከባዝል አካባቢ የመጡ ሚስዮናውያንን ነው፤ ሴባስቶፖልን የሠሩለት እነሱ ናቸው። ቴዎድሮስን እወደዋለሁ፤ ይህን ሳስብ ግን ትንሽ ይከነክነኛል። በነገሠበት ተራራ ሥር ብረት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍባቸው የኖሩ ቤቶች ነበሩ። አፄ ምኒልክ ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። አዋጁ ጥሩ ነበር። ስድቡ ግን አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም ሕያው ነው፤ ማንኛውም ገበያ ሄዳችሁ ጆሯችሁን ክፈቱ።

ወደ ቢላዋው ልመለስ፤ ምክንያቱም ብረቱ የራሱ ታሪክ አለው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር ሲመጣ በሊማሊሞ በኩል የወጣው በእግርና በበቅሎ ነው። ገደሉን ቆርጠው የመኪና መንገድ ያወጡበት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የገቡት ጣሊያኖች ናቸው። በመንገዱ ጭነት መኪና መጣ፣ መኪናውም ባሌስትራ ሰበረ። ባሌስትራ ለቀጥቃጭ ስጦታ ነው። ካርቦን ያለው ብረት ስለሆነ አግለው ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ሲነክሩት ይጠነክራል፣ ስለት ይይዛል። የግንባታ ፌሮ እንዲህ አይሆንም፤ ለስላሳ ነው፣ በአንድ ሽንኩርት ይደንዛል። ባሌስትራ፣ ፌሮ፣ ሞላ፤ ቃላቱ ሁሉ ከጣሊያንኛ መሆናቸውን ልብ በሉ። ሰብሳቢ መሆን ካማራችሁ ትንሽ ሞረድ ኪሳችሁ ይኑር። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ስለቱ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት። ሞረዱ ከነከሰ ፌሮ ወይም በደንብ ያልጠነከረ ብረት ነው፤ ከተንሸራተተ ግዙት። አንዳንዴ ስለቱ ላይ የባሌስትራው ጉብጠት ትንሽ ቀርቶ ታገኛላችሁ። እኔ እንደዚያ ያለውን በጣም ነው የምወደው።

እንግዲህ ከእነዚህ ውስጥ አሮጌዎቹን ማን ሠራቸው? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አገር ውስጥ የለም። ከሰሜን፣ ከወልቃይትና ከአካባቢው ቤተ እስራኤሎች በ1970ዎቹ አጋማሽ በእግር ወደ ሱዳን ወረዱ። በ1977 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው ወደ 8,000 የሚሆኑት ከሱዳን በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ወጣ። ወናፍና መስፍ አውሮፕላን ላይ አይጫንም። ጎንደር መውጫ ላይ ወለቃ መንደር ሸክላው ዛሬም ለቱሪስት ይሸጣል፣ የሚሠሩት ግን በአብዛኛው የቀሩት ጎረቤቶች ናቸው። ብረቱንም ሌሎች ይዘውታል። ስድቡም አብሮ ተላልፏል፤ እሳቱ ፊት የተቀመጠ ሁሉ ይወርሰዋል።

ለእያንዳንዱ ቢላዋ ትንሽ ወረቀት አስሬአለሁ። የተገዛበት ገበያ፣ ቀኑ፣ ብረቱ፣ እጀታው፣ መጨረሻ ላይ «ሠሪ» የሚል ባዶ መስመር። ሻጮችን ስጠይቅ «የአገር ነው» ይሉኛል፣ ወይም ሳቅ ብለው «ቀጥቃጭ ነዋ፣ ሌላ ማን ይሠራዋል» ይሉኛል። ዳባት ላይ አንዲት እናት ከቤታቸው ያወጡትን የቀንድ እጀታ ካራ ሲሸጡልኝ ግን ሳልጠይቃቸው ስሙን ነገሩኝ። ከወንዙ ማዶ ይኖር የነበረ፣ ለሰርጋቸው የሠራላቸው፣ ሌሊት ሳይሰናበት የሄደ ሰው። «ማረሻችንን ለክረምት አድርሶልን ነው የሄደው» አሉ። ስሙን ወረቀቱ ላይ ጻፍኩት። ካለኝ ሁሉ የተሞላው መስመር ያ ብቻ ነው።