በሕፃናት ማሳደጊያ የሚሰጥ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት

በሕፃናት ማሳደጊያ የሚሰጥ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ማለት ወላጆቻቸውን በሞት ያጡ፣ ተጥለው የተገኙ ወይም በሌላ ምክንያት ከቤተሰባቸው የተለዩ ሕፃናት በሚያድጉበት ተቋም ውስጥ ያለ ክፍያ የሚሰጥ የጉልበት፣ የሙያና የጊዜ እርዳታ ነው። አገልግሎቱ በአገር ውስጥ ሰዎችም ሆነ ከውጭ በሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ይሰጣል። ከበለጸጉ አገሮች ወደ እስያ፣ አፍሪካና ላቲን አሜሪካ ለጥቂት ሳምንታት የሚደረገው የዚህ ዓይነት ጉዞ ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጣም ተስፋፍቷል። በተለይ በካምቦዲያና በኔፓል የተገኘው ልምድ አገልግሎቱ ልጆችን ሊጠቅም እንደሚችል ሁሉ ሊጎዳም እንደሚችል አሳይቷል። በዚህም ምክንያት ብዙ የሕፃናት መብት ድርጅቶች ዛሬ የሚመክሩት ልጆች በቤተሰብ ውስጥ እንዲያድጉ የሚያግዝ አገልግሎትን ነው።

ስያሜና ትርጓሜ

በዕለት ተዕለት ንግግር «ወላጅ አልባ» ሲባል እናትም አባትም የሌለው ልጅ ይታሰባል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) ግን ቃሉን ከ18 ዓመት በታች ሆኖ አንዱን ወይም ሁለቱንም ወላጆቹን በሞት ላጣ ልጅ ይጠቀምበታል። በድርጅቱ ግምት እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ላይ ወደ 140 ሚሊዮን የሚጠጉ ወላጅ አልባ ሕፃናት ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱንም ወላጆቻቸውን ያጡት 15 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው። የቀሩት እናት ወይም አባት አላቸው፤ አብዛኞቹም ከወላጃቸው፣ ከአያት ወይም ከሌላ ዘመድ ጋር ይኖራሉ።

በማሳደጊያዎች ውስጥ ያለውም ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይለይም። ሴቭ ዘ ችልድረን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ዘገባ በተቋም ከሚያድጉ 5 ልጆች ቢያንስ 4ቱ በሕይወት ያለ ወላጅ እንዳላቸው ገምቷል። ልጆቹ ወደ ተቋም የሚገቡት በአብዛኛው በድህነት፣ በአካል ጉዳት፣ በሕመም፣ በቤተሰብ መፍረስ ወይም በአቅራቢያቸው ትምህርት ቤት ባለመኖሩ ነው።

የአገልግሎቱ ዓይነቶች

በጎ ፈቃደኞች በማሳደጊያ ውስጥ የሚሠሩት ሥራ በሦስት ሊከፈል ይችላል።

• ከልጆች ጋር በቀጥታ የሚሠራ፦ ሕፃናትን መመገብ፣ ማጠብ፣ ማጫወት፣ ማስተኛት፣ ቋንቋ ወይም ሌላ ትምህርት ማስተማር።
• የሙያ ሥራ፦ የነርስ፣ የሐኪም፣ የፊዚዮቴራፒ፣ የማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አገልግሎት፣ እንዲሁም ሠራተኞችን ማሠልጠን።
• ከልጆች ጋር የማያገናኝ ሥራ፦ ጥገናና ቀለም ቅብ፣ የሒሳብ ሥራ፣ የልጆችን መዝገብ በኮምፒዩተር ማደራጀት፣ ገንዘብ ማሰባሰብ።

ብዙ ጥያቄ የሚነሳው በመጀመሪያው ዓይነት ላይ፣ በተለይም ሠልጥነው ያልመጡና ቶሎ የሚመለሱ ሰዎች ሲሠሩት ነው። መዝገብ ማደራጀት ከሌሎቹ ያነሰ ሥራ ቢመስልም ትልቅ ጥቅም አለው። አንድ ልጅ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣውና የዘመዶቹ አድራሻ የት እንደሆነ ካልተጻፈ ከዓመታት በኋላ ቤተሰቡን መፈለግ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል።

በሕፃናት እድገት ላይ ያለው ተጽዕኖ

እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ጥናት፣ ሕፃን ልጅ በጤና እንዲያድግ ከእናቱ ወይም እንደ እናት ከምትሆንለት ሰው ጋር የቀረበና የማይቋረጥ ግንኙነት እንደሚያስፈልገው አስረድቷል። በማሳደጊያ ውስጥ ግን አንዲት ሞግዚት ብዙ ልጆችን ትይዛለች፤ ሞግዚቶችም በፈረቃ ይቀያየራሉ።

በዚህ ጉዳይ በስፋት ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት የተካሄደው ነው። የኒኮላይ ቻውሼስኩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወድቅ በአገሪቱ ተቋማት ውስጥ ከ100,000 በላይ ልጆች ተገኙ። ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚና የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተቋም የሚያድጉ 136 ሕፃናትን መርጠው ግማሾቹን በዕጣ ወደ አደራ ቤተሰብ እንዲሄዱ አደረጉ። ወደ ቤተሰብ የሄዱት በአእምሮ ችሎታ፣ በስሜትና በአንጎል እንቅስቃሴ መለኪያዎች የተሻለ ውጤት አሳዩ። ለውጡም በአብዛኛው ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው በሄዱት ላይ የጎላ ነበር።

በተቋም ካደጉ ልጆች አንዳንዶቹ ለማያውቁት ሰው ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው ይሮጣሉ፣ ይታቀፋሉ፣ አትሂድብኝ ይላሉ። ጎብኚዎች ይህን እንደ ፍቅር ያዩታል። የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ግን የራሴ የሚሉት ሰው ያላገኙ ልጆች ከሚያሳዩዋቸው ምልክቶች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። በጎ ፈቃደኛ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ሲመጣና ሲሄድ ልጁ በተለመደው ቁጥር ደግሞ ይለያል። ለበጎ ፈቃደኛው አንድ ስንብት የሆነው ለልጁ በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም መለየት ነው።

ካምቦዲያ

በካምቦዲያ የማሳደጊያዎች ቁጥር ያደገው አገሪቱ ከጦርነትና ከክመር ሩዥ አገዛዝ ጠባሳ እያገገመች በነበረበት ጊዜ ነው። የአገሪቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 154 የነበሩት ተቋማት በ2010 269 ደርሰዋል። ይህ በ5 ዓመት ውስጥ የ75 በመቶ ጭማሪ ነው። ከልጆቹ ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት በሕይወት ያለ ወላጅ ነበራቸው።

ለጭማሪው አንዱ ምክንያት ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ ነበር። በርካታ ተቋማት በፕኖም ፔንና የአንኮር ቤተ መቅደሶች በሚገኙባት በሲየም ሪያፕ አካባቢ ተከፈቱ። ጎብኚዎች ማሳደጊያዎችን ይጎበኙ፣ ልጆቹም ባህላዊ ጭፈራ ያሳዩአቸው ነበር። ገንዘቡ በልጆች ቁጥርና በሚታየው ችግር ልክ ስለሚመጣ አንዳንድ ባለቤቶች ትምህርትና ምግብ እንሰጣለን እያሉ ከድሃ የገጠር ቤተሰቦች ልጆችን ሰበሰቡ። አኗኗራቸውንም ሆን ብለው ሳያሻሽሉ ያቆዩ ነበሩ።

ፍሬንድስ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት «ልጆች የቱሪስት መስህብ አይደሉም» የሚል ዘመቻ አካሄደ። መንግሥትም ተቋማትን መቁጠርና መቆጣጠር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው ቆጠራ በ406 ማሳደጊያዎች 16,579 ልጆች ተመዘገቡ። ቀጥሎም ከልጆቹ 30 በመቶ የሚሆኑትን ወደ ቤተሰባቸው ለመመለስ ዕቅድ ወጣ።

ኔፓል

ከ1996 እስከ 2006 (እ.ኤ.አ.) በኔፓል በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ደላሎች እንደ ሁምላ ባሉ ሩቅ ተራራማ አውራጃዎች ወላጆችን ያነጋግሩ ነበር። ልጆቻችሁን ከጦርነት አርቀን በካትማንዱ እናስተምራለን እያሉ ገንዘብ ተቀበሉ። ከዚያም ልጆቹን ወላጅ አልባ አስመስለው በማሳደጊያ አስቀመጧቸው ወይም ጥለዋቸው ጠፉ።

አሜሪካዊው ኮኖር ግሬናን እ.ኤ.አ. በ2004 በካትማንዱ አቅራቢያ በሚገኝ ማሳደጊያ በበጎ ፈቃደኝነት ሲሠራ ልጆቹ ቤተሰብ እንዳላቸው ተረዳ። ኋላም ኔክስት ጄኔሬሽን ኔፓል የተባለ ድርጅት መሥርቶ በእግር ወደ ሁምላ እየተጓዘ ወላጆችን መፈለግ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 ከደረሰው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የኔፓል መንግሥት ያለ ፈቃድ ልጆችን ከአውራጃቸው ማውጣትን ከልክሏል። የውጭ አገር ጉዲፈቻንም አግዷል።

ኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ወላጅ ያጣን ልጅ ማሳደግ በዋናነት የዘመድና የጎረቤት ኃላፊነት ሆኖ ቆይቷል። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ፣ በሌሎች አካባቢዎችም የማደጎና የጡት ልጅ ሥርዓት የማይወለዱትን ልጅ እንደ ራስ ልጅ የመቀበያ መንገዶች ናቸው። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በበረታበት ጊዜም ብዙ ዕድሮች ከቀብር ሥራቸው አልፈው የሟች አባላትን ልጆች መርዳት ጀምረዋል።

ዘመናዊ ማሳደጊያዎች በብዛት የተስፋፉት ከ1966 እና ከ1977 ዓ.ም. የድርቅ ዘመናት በኋላ ነው። ወ/ሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም በሄዱበት ጊዜ በረሃብ የተጎዱ ሰዎችን አይተው ሁለት ሕፃናትን ይዘው ተመለሱ። የልጆቹ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ኖሩ። የመሠረቱት ድርጅት በኋላ ማሳደጊያ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቦች የትምህርትና የገቢ ድጋፍ የሚሰጥ ሆነ። ወ/ሮ አበበች እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 አርፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመው የኢየሩሳሌም የሕፃናት ማሳደጊያ ማኅበር በረሃብ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን በተቋም ሲያሳድግ ቆይቶ ልጆቹን ወደ ዘመድና ወደ ማኅበረሰብ መልሷል። ሥራውንም ወደ ማኅበረሰብ ልማት አዙሯል።

የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 መንግሥት ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግና በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሁኔታ የሚያመቻቹ ተቋማትን እንዲያበረታታ ይደነግጋል። ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ15,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን አስቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ፣ የአደራ ቤተሰብና ከቤተሰብ ጋር መልሶ ማቀላቀል ይበልጥ አስፈላጊ ሆነዋል።

ዓለም አቀፍ ሕግና መመሪያ

• የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን (እ.ኤ.አ. 1989) አንቀጽ 20 ከቤተሰቡ የተለየ ልጅ ከመንግሥት ልዩ ጥበቃ የማግኘት መብት እንዳለው ይገልጻል።
• የተባበሩት መንግሥታት የአማራጭ ክብካቤ መመሪያ (እ.ኤ.አ. 2009) ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጆቹ ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ ይደነግጋል። በተለይ ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በቤተሰብ ውስጥ እንዲያድጉ ያሳስባል።
• የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ባሳለፈው የሕፃናት መብት ውሳኔ፣ ከቱሪዝም ጋር የተያያዘ የማሳደጊያ በጎ ፈቃደኝነት የሚያስከትለውን ጉዳት አገሮች እንዲከላከሉ ጠይቋል።

ድጋፍና ትችት

አገልግሎቱን የሚደግፉ ወገኖች ማሳደጊያዎች የሠራተኛና የገንዘብ እጥረት እንዳለባቸው ይጠቅሳሉ። በአንድ ጊዜ ቢዘጉ ልጆቹ መሄጃ እንደሚያጡም ይናገራሉ። ተጥሎ የተገኘና ዘመዱ የማይታወቅ ጨቅላ፣ ቤተሰብ እስኪገኝለት ድረስ የሚያርፍበት ቦታ ያስፈልገዋል። ተቺዎች በበኩላቸው አንድ በጎ ፈቃደኛ ለጉዞና ለአስጎብኚ ድርጅት የሚከፍለው ገንዘብ በብዙ ቦታ የአንዲት የአገሬው ሞግዚት የወራት ደመወዝ እንደሚሆን ያመለክታሉ። ማንነታቸው ሳይጣራ ከልጆች ጋር የሚቀላቀሉ ሰዎች ለጥቃት በር እንደሚከፍቱም ያስጠነቅቃሉ።

ከመሳተፍ በፊት የሚጣሩ ነጥቦች

የሕፃናት ጥበቃ ድርጅቶች ለበጎ ፈቃደኞች ከሚሰጧቸው ምክሮች የሚከተሉት ዋነኞቹ ናቸው።

• ተቋሙ ሕጋዊ ፈቃድና የሕፃናት ጥበቃ መመሪያ አለው? አመልካቾችን ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ ይጠይቃል?
• ልጆቹ ለምን ወደ ተቋሙ እንደገቡ ይመዘገባል? ወደ ቤተሰብ የተመለሱስ አሉ?
• ማንም መንገደኛ ገብቶ ልጆችን እንዲያቅፍ ወይም ፎቶ እንዲያነሳ ይፈቀድለታል? ከተፈቀደለት የመጥፎ አሠራር ምልክት ነው።
• ሥራው የአገሬውን ሠራተኛ ይተካል ወይስ ያግዛል?
• በጎ ፈቃደኛው ያለው ጊዜ አጭር ከሆነ ከልጆች ጋር የማያገናኝ ሥራ ወይም በማኅበረሰብ ውስጥ ቤተሰቦችን የሚደግፍ ፕሮግራም ይመረጣል።

ደግሞ ይዩ

ጉዲፈቻ፤ አበበች ጎበና፤ ዕድር፤ ዩኒሴፍ፤ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን