«ምንም አልሆንኩም»፤ የኩርፊያ አጭር ታሪክ

እኔ የምለው… በአማርኛ ከ«ምንም አልሆንኩም» የበለጠ ብዙ ነገር የሚናገር ሐረግ አለ እንዴ? በሩ ድው ብሎ ይዘጋል፣ ሰሃኑ ከሚገባው በላይ ይንኳኳል፣ ሰላምታው በግማሽ አፍ ይሆናል፡፡ «ምን ሆንሽ?» ሲባል ግን መልሱ ያው ነው፡፡ መሥሪያ ቤት ደግሞ ነገርዬው ክራባት አስሮ ይመጣል፡፡ «እሺ» የተባለ ሥራ ሳምንት ይከርማል፤ አለቃ ሲጠይቅ «እየተሠራ ነው» ይባላል፡፡

ፈረንጆቹ «ፓሲቭ አግሬሲቭ» ይሉታል፡፡ እኛም ስም አላጣንለትም፤ ኩርፊያ፣ አሽሙር፣ ነገር በሆድ መቋጠር…

የፈረንጆቹ ስም የተወለደው ሳሎን ውስጥ እንዳይመስላችሁ፡፡ ወታደር ቤት ነው! ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀበት በ1945 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጦር፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዊሊያም ሜኒንገር የመራውን አንድ የሕክምና መመሪያ አወጣ፡፡ መመሪያው በግልጽ እምቢ የማይሉ፣ ግን የሚያኮርፉ፣ ችክ የሚሉ፣ ሥራ የሚያጓትቱና በቅጡ የማይሠሩ ወታደሮችን ይገልጻል፡፡ ልብ በሉ፤ ትዕዛዝን ፊት ለፊት እምቢ ያለ ወታደር የሚጠብቀው የጦር ፍርድ ቤት ነው፡፡ ታዲያ ሰውየው በምን ይቆጣ? በዝግታ!

በ1952 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የመጀመሪያውን የአእምሮ ሕመሞች መዝገብ ሲያሳትም ይህ ጠባይ ከሕመሞቹ ጋር ተሰለፈ፡፡ በ1980 በወጣው ሦስተኛ እትም ላይ ግን አንድ ወሳኝ መስፈርት ታከለበት፤ ሰውየው በግልጽ መናገር በሚችልበት ቦታም እንዲሁ የሚያደርግ ከሆነ ነው ችግሩ የራሱ የሚሆነው፡፡ በ1994 ወደ አባሪ ወረደ፤ በ2013 እትም ከነጭራሹ ወጣ፡፡ ስሙ ግን ከሐኪሞቹ እጅ አምልጦ የመንደር ሆኖ ቀረ፡፡

እኛ ዘንድስ? አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «ዋክስ ኤንድ ጎልድ» መጽሐፉ፣ ሰምና ወርቅ ከቅኔ ቤት ወጥቶ በየዕለቱ ንግግራችን ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ዘርዝሯል፡፡ አንዱ ሳይያዙ መስደብ ነው፡፡ በወርቁ ይወጉና በሰሙ ይምላሉ! ለዚህም በቂ ምክንያት ነበረ፤ ጌታ ፊት አፍ አውጥቶ መቆጣት ያስቀጣ ነበር፡፡ አንዳንዴ መሸፈኑም አላዳነም፡፡ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣልያኖች ሕዝብ ያነሳሳሉ ያሏቸውን ጠንቋዮችና አዝማሪዎች እየለቀሙ ገድለዋል፡፡

ቤት ውስጥም ትንሽ ንጉሥ አይጠፋም፡፡ ልጅ ለታላቁ መልስ አይሰጥም፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ተብሎ ያደገ ሰው ንዴቱን የት ይውሰደው? ሚስት «ባለጌ» እንዳትባል፣ ሠራተኛ ከሥራ እንዳትባረር ዝም ትላለች፡፡ አፍ ሲዘጋ እጅና እግር ይናገራል፡፡

የሚገርመው ግን የድሮው ኩርፊያ መውጫ በር ነበረው፡፡ ያኮረፈች ሚስት ወላጆቿ ቤት ትሄዳለች፡፡ ባል ሽማግሌ ይልካል፡፡ ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ «በል ተናገር፣ በይ ተናገሪ» ይላሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፡፡ ሽምግልና ጉድለት አልነበረበትም ማለቴ አይደለም፤ ስንቷን «ቻይው» ብሎ ወደ ዱላ መልሷታል፡፡ ቢያንስ ግን ኩርፊያው «ቅሬታ አለኝ» የሚል ማመልከቻ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር፡፡

አሁን ኩርፊያውን ይዘን ሽማግሌውን ትተነዋል፡፡ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተው የሚተኙ ባልና ሚስት ዘንድ ማን ይላካል? ቴሌግራም ላይ ተነቦ መልስ የተነፈገውን መልእክት ማን ያስታርቀዋል? «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ ዝም የተባለ ንዴት ግን ይነቅዛል፡፡ ትዳር ያፈርሳል፣ ጓደኝነት ያደርቃል፡፡

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምወስደው ያቺን የ1980ዋን መስፈርት ነው፡፡ ለመዝጋት ሳይሆን ለራስ ለመጠየቅ፤ «እዚህ ቦታ በግልጽ መናገር እችላለሁ ወይ?» መልሱ «አልችልም፣ እቀጣለሁ» ከሆነ ዝግታህ ሕመም አይደለም፤ መከላከያ ነው፤ መለወጥ ያለበትም ቦታው ነው፡፡ «እችላለሁ» ከሆነ ግን ሰሙን መተው ነው፡፡ «አንተ ሁሌም…» ከማለት «ትናንት ሰው ፊት ስታርመኝ ተናድጃለሁ» ማለት፡፡ አንድ ነገር፣ በስሙ፣ ሳይነቅዝ፡፡

ሰሚውም ሥራ አለበት፡፡ «ተናገሪ» ብሎ ለምኖ፣ ሲነገረው የሚቆጣ ሰው የሚቀጥለውን ኩርፊያ ያሰለጠነው ራሱ ነው፡፡