የቤት ውስጥ ጥቃት በኢትዮጵያ

የቤት ውስጥ ጥቃት (የቤተሰብ ጥቃት ተብሎም ይጠራል) በባልና ሚስት፣ ሳይጋቡ አብረው በሚኖሩ ጥንዶች ወይም በአንድ ጣሪያ ሥር በሚኖሩ ሰዎች መካከል አንዱ በሌላው ላይ የሚያደርሰው አካላዊ፣ ወሲባዊ፣ ሥነ ልቦናዊ ወይም ኢኮኖሚያዊ ጉዳት ነው። ጎልቶ የሚታየው መልኩ ድብደባ ቢሆንም ማስፈራራት፣ ማዋረድ፣ ከዘመድ መለየት፣ ደመወዝ መንጠቅና ከሥራ ማስቀረትም በዚሁ ሥር ይመደባሉ። ሕጻናት፣ አረጋውያን፣ የቤት ሠራተኞችና ወንዶችም ተጎጂ ሊሆኑ ይችላሉ። በኢትዮጵያ በስፋት የተጠናው ግን ሚስቶች በባሎቻቸው የሚደርስባቸው ጥቃት ነው።

ስፋቱ

በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ጥያቄዎችን ያካተተ የመጀመሪያው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። በውጤቱ መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸውና አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባል ወይም ከአጋር አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ቀደም ሲል የዓለም ጤና ድርጅት በበርካታ አገሮች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ሪፖርት፣ በቡታጅራ አካባቢ አጋር ኖሯቸው ከሚያውቁ ሴቶች 71 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ይህ በጥናቱ ከተካተቱት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ሲሆን ዝቅተኛው በጃፓን ከተማ የተመዘገበው 15 በመቶ ነበር።

የ2008ቱ ጥናት ስለ አመለካከትም ጠይቋል። ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቿን ችላ ብትል ወይም አብራው ለመተኛት ፈቃደኛ ባትሆን ባል ሚስቱን መምታቱ ተገቢ እንደሆነ ከአምስቱ ቢያንስ በአንዱ የተስማሙት ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ ወንዶቹ 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ ወንዶች የተሻለ አስተሳሰብ አላቸው ማለት ላይሆን ይችላል። ጥቃት የደረሰባት ሴት ራሷን ጥፋተኛ አድርጋ እንድታይ ተደርጋ ማደጓን ግን ይጠቁማል። ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የጠየቁት ከአራት አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው።

ሕጉ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ተጋቢዎች በቤተሰብ አስተዳደር እኩል እንዲሆኑ አደረገ፤ ክልሎችም በየጊዜው የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። በአሮጌው ሕግ አንዱ ተጋቢ ሌላው ከቤት ውጭ እንዳይሠራ መቃወም ይችል ነበር። ይህ ከቀረ በኋላ ሕጉ ቀድሞ በተሻሻለባቸው አካባቢዎች ከቤት ውጭና ሙሉ ጊዜ የሚሠሩ ሴቶች ድርሻ ከሌሎቹ ይልቅ መጨመሩን ተመራማሪዎች አሳይተዋል።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለይቶ ይጠቅሳል። አንቀጹ የራሱ ቅጣት የለውም፤ በማንኛውም ሰው ላይ የሚደርስን የአካል ጉዳት ወደሚመለከቱት ድንጋጌዎች ይመራል። ቀላል የአካል ጉዳት የሚያስቀጣው በመሠረቱ የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው። በትዳር ውስጥ የሚፈጸም አስገድዶ መድፈርም ወንጀል ተደርጎ አልተደነገገም።

ሽምግልናና ገበና

የተደበደበች ሚስት በአብዛኛው መጀመሪያ የምትሄደው ፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን ወላጆቿ ዘንድ ነው። አኩርፋ ስትሄድ ባል ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ሰምተው፣ ባልን ገሥጸውና አንዳንዴም ዋስ አስጠርተው ያስታርቃሉ። ዋሱ የተከበረ ሰው ከሆነ ለጊዜውም ቢሆን እጁን የሚሰበስብ ባል አለ፤ ሽምግልናን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት ስለዚህ ትክክል አይሆንም። ችግሩ ዓላማው ትዳሩን ማቆየት መሆኑ ነው። «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» የሚለው ምክር የሚመጣውም ከዚህ ነው። እርቁ ሳምንታት ሲፈጅ የድብደባው ምልክት ይጠፋል፤ ለፍርድ ቤት የሚያስፈልገው የሕክምና ማስረጃም አብሮ ይቀራል። ከእርቅ በኋላ አቤቱታው ከተነሣ ደግሞ ክሱ ይቋረጣል።

ሥራ ቦታ

ደመወዝ ያላት ሴት ከቤት ለመውጣት የቤት ኪራይ መክፈል ትችላለች። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጥቃቱ ሥራዋን ያነጣጥራል፦ ማታ ሙሉ ማስጨነቅ፣ ጠዋት በር መቆለፍ፣ መታወቂያዋን መደበቅ፣ በሥራ ሰዓት ደጋግሞ መደወል፣ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ መሳደብ። አሠሪው የሚያየው ግን ማርፈድና መቅረት ብቻ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ወይም በድምሩ አምስት ቀን ከሥራ የቀረ ሠራተኛን ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይፈቅዳል። በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት የሚሰጥ የተለየ ፈቃድ በአዋጁ የለም። ጉዳት የደረሰባት ሠራተኛ በሕክምና ማስረጃ የሕመም ፈቃድ ልትወስድ ትችላለች፤ ለልዩና ከባድ ሁኔታ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ መውሰድ ይቻላል። አዋጁ ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን የሚከለክለው በሥራ ቦታ ስለሚፈጸመው ነው፤ ቤቷ ያለው ሰው ግን ባልደረባዋም አለቃዋም አይደለም። በኅብረት ስምምነት ከአዋጁ የተሻለ መብት ማስገባት ስለሚቻል የሠራተኛ ማኅበራት ክፍተቱን ለመሙላት ሕጉ እስኪሻሻል መጠበቅ አይኖርባቸውም።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 190 አገሮች የቤት ውስጥ ጥቃት በሥራ ላይ የሚያመጣውን ተጽዕኖ እንዲያውቁና በተቻለ መጠን እንዲቀንሱ ይጠይቃል። አብሮት የወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 206 ለተጎጂዎች ፈቃድ መስጠትን፣ የሥራ ሰዓትን ማመቻቸትንና በጊዜያዊነት ከስንብት መጠበቅን ይዘረዝራል። ፊሊፒንስ በ2004 ባወጣችው ሕግ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴት ሠራተኞች እስከ 10 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ሰጥታለች፤ በኒውዚላንድ ከ2019፣ በአውስትራሊያ ከ2023 ጀምሮ ተመሳሳይ የ10 ቀን ፈቃድ ይሠራል (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

የሕግ ምክርና መጠለያ

የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ለተጎጂዎችና ለልጆቻቸው መጠለያ፣ ምክርና የሙያ ሥልጠና ያቀርባል። ሥልጠናው ከመጠለያው ባልተናነሰ ያስፈልጋል፤ ገቢ የሌላት ሴት ከመጠለያ ስትወጣ የምትመለስበት ሌላ ቤት ላይኖራት ይችላልና።

የቤት ሠራተኞች

ለቤት ሠራተኛ ቤቱ ራሱ የሥራ ቦታዋ ነው። አንቀጽ 564 ግን የሚናገረው ስለ ትዳር ጓደኛና አብሮ ስለሚኖር አጋር በመሆኑ እሷን አይጠቅስም፤ የቤት ውስጥ ሥራም ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ወሰን ውጭ ነው። ብትደበደብ ማመልከት የምትችለው ለማንኛውም ሰው በሚሠሩት የአካል ጉዳት ድንጋጌዎች ነው። በከፋላ ሥርዓት ወደ ገልፍ አገሮች ለቤት ሥራ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ሁኔታ ከዚህም ይከብዳል፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከሚደበድብ አሠሪ ቤት ሸሽታ የወጣች ሴት በሕገ ወጥነት ልትያዝ ትችላለች።