ልቅሶው ብዙ፣ መዝገቡ ጥቂት

ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ የፋሲካ ዕለት። የበዓሉ ድግስ ሳይነሳ መርዶው አገሩን አዳረሰ። እዚህ አርባ ምንጭ ከሲቀላ እስከ ሴቻ በየሻይ ቤቱ የእሱ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። በአካል አይተውት የማያውቁ እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደ ቤተ ዘመድ ተቀመጡ። ቀብሩ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በመንግሥት ሥርዓት ሲፈጸም የወጣውን የሕዝብ ብዛት በቴሌቪዥን ያየን ሁሉ አንረሳውም።

ውድ የማኅበራችን እህቶች፣ ያንን ቀን የምናነሳው ለጥላሁን የተደረገው በዝቷል ለማለት አይደለም። ይገባዋል። የምናነሳው ከእሱ ጋር በአንድ መድረክ የቆሙትን ሴቶች ለማስታወስ ነው። በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ከጥላሁን ጋር ከዘፈኑት አንዷ ብዙነሽ በቀለ ናት። ሐረር ተወልዳ በክብር ዘበኛ ያደገች፣ ከማሕሙድ አህመድ ጋር በቅብብል የዘፈነች፣ ብዙዎች የዘፈን ቀዳማዊት እመቤት የሚሏት ድምፃዊት ናት። ያረፈችው የደርግ ዘመን ሊያበቃ ሲል፣ አገሩ በጦርነት ወሬ ተጠምዶ ሳለ ነው። ዛሬ ከሃያ ዓመት በታች ያሉትን ልጆቻችንን ስለ ጥላሁን ብንጠይቃቸው ቢያንስ ስሙን ያውቃሉ። ብዙነሽን ብንጠይቃቸው ግን ብዙዎቹ ይተያያሉ። ድምፅዋን ሲሰሙ ደግሞ «ይቺ ማን ናት?» ብለው ደጋግመው ያስከፍቱናል።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋምና ከጠላት ወረራ በኋላም ቴአትር እየተስፋፋ ሲመጣ፣ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ስለዚህ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድ ነው። ከእነዚህ ወንዶች አንዱ ሁላችንም የምናውቃቸው አባባ ተስፋዬ ናቸው። ተስፋዬ ሣህሉ ባሌ ተወልደው፣ ኮሪያ ለዘመተው ሠራዊት ዘፍነውና አጫውተው፣ ቴሌቪዥን ወደ አገራችን ከገባበት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ 42 ዓመት ለልጆች ተረት ያወሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው፣ የሴት ድምፅ አውጥተው ተውነዋል። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀስነው ልጅነታችንን ነበር። ቴሌቪዥን ካለበት ጎረቤት ምንጣፍ ላይ ተደርድረን ልጆች ሲሉን የተጠራነው እኛ ብቻ ይመስለን ነበር። በዚያ ልቅሶ መሐል ቀሚስ የለበሱበትን ዘመን ያነሳ ሰው ጥቂት ነው። እኛ ግን ለሴቶች ታሪክ ትልቁ ነገር እሱ ይመስለናል፤ የሴት ቦታ በመድረክ ላይ ባዶ እንደነበረና ያንን ባዶነት ወንድ እንደሸፈነው የሚመሰክር ነውና።

ያንን ቦታ ራሷ መጥታ ከያዙት ቀዳሚዎች አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት። በ1940ዎቹ አጋማሽ ተዋናይ ሆነች፤ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ለረጅም ዓመታት ሠራች። ተዋናይ ብቻ አልነበረችም። ክራር ትመታለች፣ ትዘፍናለች፣ ግጥም እዚያው መድረኩ ላይ ታወጣለች። ከማሲንቆ ተጫዋቹ ከጌታመሳይ አበበ ጋር ግጥም ለግጥም ሲመላለሱ ተመልካቹ በሳቅ ይፈርስ እንደነበር የሚያስታውሱ አሉ። ውብ ነበረች፣ እንደፈለገች ለበሰች፣ እንደፈለገች ኖረች። ይህንንም ኅብረተሰቡ በነፃ አልሰጣትም። ሴት ዘፋኝ በዚያ ዘመን አዝማሪ ትባላለች፤ ስሙ የሙያ ስም ቢሆንም ሲነገር ግን ስድብ ነው። ማታ ያጨበጨበላት ሰው ጠዋት ለወንድሙ ሚስት አድርጎ አያጫትም።

እዚህ ላይ እኛ ደጋውን የምናውቅ ሰዎች ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። በጋሞ ደጋም ሸክላ የምትሠራ ሴት፣ ቆዳ የሚፋቅበት ቤት ልጅ፣ ከሌላው ጋር እንዳትጋባ የተከለከለችበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በሸክላዋ ሁሉም ያበስላል፤ እሷን ግን ቤቱ አያስገባም። በሥራው እየተጠቀሙ ሠሪውን ማራቅ የአዲስ አበባ ፈጠራ አይደለም። «ልጄ ዘፋኝ ትሁን?» የሚለው ጥያቄም ዛሬ በማኅበራችን ቡና ላይ ያጨቃጭቀናል። የባህል ቡድን ውስጥ የምትጨፍር ልጅ ያላቸው እናቶች የሚሰሙትን ያውቃሉ።

አስናቀች ያረፈችው በመስከረም 2004 ዓ.ም.፣ አዲሱ ዓመት በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ከሌሎች የዘመኗ ሴቶች ይልቅ ዛሬ በደንብ የምናስታውሳት ለምንድን ነው? መልሱ ቀላል ነው፤ የቀዳት ሰው ስለተገኘ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፓሪስ ያሳትማቸው ከነበሩት የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጾች 16ኛውን በ2003 እ.ኤ.አ. ለእሷ ብቻ ሰጠ። ራሔል ሳሙኤል ደግሞ ስለ ሕይወቷ ዘጋቢ ፊልም ሠራች፤ ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው ካረፈች በኋላ ነው። በፊልሙ አስናቀች በስተርጅናዋ ራሷ ስለራሷ ትናገራለች። ሌላው ስለሷ ካወራው ይልቅ ያ ይበልጣል። ቀጂ ያላገኙትስ? ጥላሁንን ሬዲዮው፣ የመንግሥት ኦርኬስትራው፣ ሸክላና ካሴት አሳታሚው ሁሉ ይዞት ነበር። በጠላ ቤትና በሠርግ ቤት ዘፍና ያለፈችውን ሴት የያዛት የለም።

በእኛ አገር ይህ ጉዳይ የባሰ ነው። የዶርዜ ዘፈን በብዙ ድምፅ የሚዜም፣ አንዱ ሲያወርድ ሌላው ከላይ የሚያነሳበት፣ በኢትዮጵያ ከሚታወቀው የአዘፋፈን ስልት ሁሉ የተለየ ነው። በርናር ሎርታ-ዣኮብ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ አጥኚ ቀድቶ በሸክላ አሳትሞታል። ድምፁ ስለተያዘ ተመስገን ነው። የዶርዜ ሸማም እንዲሁ ስሙ የታወቀ ነው። ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው፣ ዘፋኞቹ ለብሰው መድረክ የሚወጡበት ጥበብ ብዙው የጋሞ ሸማኔ እጅ ነው። ሸማኔው ወንድ ነው፤ ክሩን የፈተለችው ግን ሴት ናት። «የዶርዜ ሸማ» ሲባል የሸማኔው አገር ይጠራል፤ ፈታይዋ በየትኛውም መለያ ላይ የለችም። ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ስለሆንን ይህ ይቆረቁረናል። ወጪው ሳይመዘገብ ትርፉ የተጻፈበት ሒሳብ ልክ አይመጣም።

አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ቺማቴ ቹምባሎ የተባሉ የጋሞ ደጋ ሴት ነበሩ፤ ዲታ ላይ በወንዶች መሐል መሪ ሆነው የኖሩ። ጁዲት ኦልምስቴድ የምትባል አሜሪካዊት የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፋ በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አሳተመች። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከአባሎቻችን መካከል ዲታ የተወለዱ አሉ፤ ስማቸውን የሰሙት ግን እኛ ከነገርናቸው በኋላ ነው። እንግዳ መጥታ የአያታችንን ታሪክ ጽፋ ስትሄድ መልካም ነገር ነው፤ ባለቤቶቹ ማንበብ የማንችለው መሆኑ ግን ያሳዝናል።

ተቋም የሠሩት ሌላ ናቸው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን ከተገኘ አምስት ቀኑ ነበርና ሕዝብ ሊሰበሰብ አልቻለም። በፌስቱላ ተሠቃይተው በይርጋለሙ ማዕከላቸው የታከሙ የደቡብ እናቶች እንደ ልማዳችን ልቅሶ ሊደርሱ አልቻሉም። ሆስፒታሉ ግን አለ። ወይዘሮ አበበች ጎበና ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚያው በሽታ አረፉ፤ ከግሸን ሲመለሱ ረኃብ ካወደማት ወሎ ሁለት ሕፃናት ይዘው ቤታቸው ገብተው የጀመሩት ሥራ ስማቸውን ይዞ ይኖራል። ግድግዳና ጣሪያ ያለው ስም አይጠፋም። ድምፅ ግን ካልተያዘ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ወደ ራሳችን ልቅሶ እንምጣ። በጋሞ ደጋ ለልቅሶ የተለየ ሜዳ አለ። ወንዶቹ ጦርና ጋሻ ይዘው እየፎከሩ ሜዳውን ይዞራሉ፤ የሟቹ ጀግንነት በአደባባይ ይነገራል። ሴቶቹ ደግሞ በሙሾ ያወርዱታል። ሙሾ የምታወርደዋ ሴት የሟችን ዘር ታውቃለች፣ ማን ከማን ጋር እንደተጋባ፣ በየትኛው ዘመን ምን ደግ ሥራ እንደሠራ፣ ማን እንደበደለው ጭምር ታውቃለች። ሳትጽፍ የያዘች መዝገብ ናት። በየመንደሩ ሰው የሚጎርፈው እሷን ለመስማትም ነው፤ ያልሞተበት ሰው እንኳ በእሷ ቃል የራሱን ሟች ያለቅሳል። እሷ ስትሞትስ ማን ያወርድላታል? ጥበቡን ይዛ ትሄዳለች። ይህን ጥያቄ ያነሱት ከጨንቻ የመጡ በዕድሜ የገፉ አባላችን ናቸው፤ በስብሰባው ላይ የመለሰላቸው አልነበረም።

የማኅበራችንን የሐዘን መዝገብ አውጥተን ያየነው ከዚያ በኋላ ነው። ከተመሠረትንበት ጊዜ ጀምሮ የሞቱት እናቶችና ለቤተሰባቸው የተከፈለው ገንዘብ በሥርዓት ተጽፏል። ሒሳቡ አንዲት ሳንቲም አይጎድለውም። ስማቸው ግን በብዙው ቦታ «የአቶ እገሌ ባለቤት»፣ «የእገሌ እናት» ነው። እድሮችም ከጥንት የሚጽፉት እንዲህ ነው፤ እኛም የወረስነው ከእነሱ ነው። አንድ ገጽ ላይ በተከታታይ የተጻፉ አራት ሴቶች አንዳቸውም በራሳቸው ስም የሉም። ከአራቱ አንዷ በሠርግ ሁሉ እየተጠሩ የሚዘፍኑ እንደነበሩ ያወቅነው ልጃቸውን ጠይቀን ነው።

በዚህ ዓመት መዝገቡን ስናሻሽል ሦስት ዓምድ ጨምረናል፤ ሙሉ ስም ከነአባት፣ የትውልድ ቀበሌ፣ እና የምትታወቅበት ሙያ። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ተከራክረናል። አንዳንዶች «የቤት እመቤት ተብሎ ይበቃል» አሉ። ሌሎች ደግሞ ጥሩ ጠላ ጠማቂ፣ ፈታይ፣ አዋላጅ፣ ተረት አዋቂ ተብሎ ይጻፍ አሉ፤ ይኸኛው አሸነፈ። ስልክ ያላቸው ወጣት አባላትም ፈቃደኛ የሆኑ እናቶችን ሙሾና የሠርግ ዘፈን እየቀዱ ነው፤ አንዳንዶቹ እናቶች «በቁሜ ልታለቅሱብኝ ነው?» እያሉ ይስቃሉ። ለመቅጃው የሚሆን ማኅደረ ትውስታ በማኅበሩ ገንዘብ ገዝተናል፤ ደረሰኙም ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል።

አዲሱ መዝገብ ላይ የመጀመሪያዋ ሴት የተመዘገቡት ባለፈው ወር ነው። ስማቸው ከነአባታቸው፣ ቀበሌያቸውም ተጽፏል። በሙያ ዓምድ ላይ ልጃቸው ራሷ እስክሪብቶውን ተቀብላ «ሙሾ አውራጅ» ብላ ጻፈች።